የጥዱ ማተብ

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ አባቴ ለዛፍ ማተብ ሲያስሩ አየሁ።

ይህን አንብቦ የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። እኔ ያን ጊዜ ያየሁት እሱን ነው፣ ለዓመታት ያመንኩትም እሱን ነው። ደብራችን ከቢቸና በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስሙን አልጠራውም፤ እዚያ የቀሩ ዘመዶች አሉኝ። አባቴ ቄስ ገብረ ማርያም የደብሩ ገበዝ ነበሩ፤ ከመጋረጃው እስከ ደኑ ድረስ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በእጃቸው ነበር። ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው። ስለ እሳቸው ክፉ ስጽፍ እንኳ አንቱታውን መተው አልሆነልኝም።

ደኑ ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን ከቦታል። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዋንዛ ተደባልቆ በቅሎበት፣ ታርሶ ባለቀው ሜዳ መሀል ከሩቅ የሚታየው ጥቁር ነገር እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ለምለም ዛፍ መቁረጥ በግዝት የተከለከለ ነው። በየዓመቱ በንግሡ ዕለት አባቴ ሕዝቡን አቁመው ግዝቱን ያነቡ ነበር። ለምለም ዛፍ የቆረጠ ከቤተ ክርስቲያን ይለይ፣ አይቁረብ፣ ሲሞትም አይፈታ ይላሉ፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። የደረቀ ዛፍ ግን ሌላ ነው። የደረቀውን ሽማግሌዎቹ ከተስማሙበት ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ይጥሉታል፤ የተረፈውን እንጨት ካህናቱ ይወስዱታል።

በዚያ ዓመት እናቴ ማናለሽ ቢቸና ከተማ ውስጥ ቤት እንዲሠራላት ትፈልግ ነበር። እኔን ከተማ አስተምራለሁ ትላለች። አባቴ ቦታው እንደተገኘ፣ ቆርቆሮውም እንደማይጠፋ፣ የቸገራቸው ግን ምሰሶና ወራጅ እንደሆነ ሲነግሯት ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ባህር ዛፍ በአሥር ዓመቱ ምስጥ ይበላዋል አሉ። ጥድ ቢሆን የልጅ ልጅ ያኖር ነበር አሉ። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ እሱማ የተገዘተ ነው አለች። አባቴ ግዝቱን የሚያውቁት ከእሷ በፊት መሆኑን ነገሯት። እኔ ስለ ቤት እያወሩ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሌላው አልገባኝም። በልቤ የያዝኩት ከተማ ገብቼ ጫማ እንደማደርግ ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ መጣና አባትሽን ጥሪ ተባልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ፈለግኋቸው፤ የሉም። ከቤተልሔሙ ኋላ ወደ ደኑ የሚያስገባውን ቀጭን መንገድ ተከትዬ ሄድኩ። ከሁሉ ትልቁ ጥድ እዚያ ነበር፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢከበው አይዳረስም። አባቴ ከግንዱ ሥር ተንበርክከዋል። የሚጸልዩ መሰለኝና ዝም ብዬ ቆምኩ። ቆይቼ ሳይ በእጃቸው ትንሽ ምሳር ይዘዋል። የዛፉን ቅርፊት ከሥሩ ከፍ ብለው፣ አንድ ስንዝር በሚያህል ስፋት፣ ዙሪያውን እየላጡት ነበር። ውስጡ ነጣ ብሎ ወጥቷል፣ እርጥብ ነው፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ ደስ ይላል። እየዞሩ ላጡት፣ እየዞሩ ላጡት፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው ጋር ሲገጥም ቀና አሉና አዩኝ።

ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። እኔ ግን አልፈራሁም፤ አንገቴ ላይ ያለውን የክርስትናዬን ነጭ ክር በጣቴ ያዝኩና ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ማተብ እያሰሩለት ነው?»

ዞር ብለው የላጡትን አዩት። ከዚያ ሳቁ። ምሳሩን ከጋቢያቸው ሥር አድርገው መጡና ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። «አዎ ልጄ፣ ማተብ ነው» አሉ። «ግን ምሥጢር ነው። ለሰው ከተነገረ በረከቱ ይርቃል።» የክትክታ ቅርንጫፍ እየሰበሩ የተላጠውን ከለሉት፤ እጄን ይዘውኝ ወደ ቤት ሄድን። አንድም ቀን እጄን ይዘውኝ ሄደው አያውቁም ነበር። እንግዳውን ረሱት፤ እኔም ረሳሁት። ዛፍ ያጠመቀ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኮራ አመሸሁ።

ፈንታነሽን ያን ጊዜ ከእናቴ እኩል ነበር የምወዳት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሠላሳውን ያለፈች አትመስለኝም። በደኑ አጥር ጥግ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መሬት ላይ በተሰጠቻት አንዲት ጎጆ ትኖር ነበር። ሥራዋ ከምንጭ ውኃ እየቀዳች ለቆሎ ተማሪዎቹ ማድረስ ነው። በየቀኑ የመጨረሻውን እንስራ ለተማሪዎቹ አትሰጥም። ይዛው ደኑ ውስጥ ትገባና ከትልልቆቹ ሥር የበቀሉትን ችግኞች በቅል እየቀዳች አንድ በአንድ ታጠጣለች። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ጸሎቱ ሳያልቅ ውኃው ካለቀ ቆማ ትጨርሰዋለች፤ ውኃው ሳያልቅ ጸሎቱ ካለቀ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ ደኑ የቤተ ክርስቲያኗ ልብስ ነው አለችኝ። ታቦት ራቁቱን አይቆምም፤ እኔ ቅዳሴ አላውቅ፣ ዜማ አላውቅ፣ ልብሱን ልጠብቅለት እንጂ ምን አለኝ አለች። እኔም በትንሽ ጣሳ አብሬያት አጠጣ ነበር።

ማተቡ በታሰረ በሳምንቱ መሰለኝ፣ ፈንታነሽን ፍለጋ ስሄድ ትልቁ ጥድ ሥር አገኘኋት። የክትክታውን ቅርንጫፍ ገለል አድርጋዋለች። እያለቀሰች ነበር። እርጥብ እበትና ጭቃ ለውሳ የተላጠውን ዙሪያውን ትመርጋለች። በላዩ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር የለቀመችውን የጧፍ ርጋፊ በገል አቅልጣ ትቀባዋለች። ሰሙ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ከንፈሯ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ አቡነ ዘበሰማያት ነበር፣ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ዞር ብላ ስታየኝ፣ «ታሟል፤ እንዲድን ለምኝለት» አለችኝ።

እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አባቴ ያሰሩለትን ማተብ በእበት ደፈነችበት። የምወዳት ሰው ስለሆነች የባሰ አናደደኝ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለአባቴ ነገርኳቸው። ምሥጢሩ ለሌላ ሰው አይነገርም እንጂ ለእሳቸው ቢነገር ምን አለበት?

አባቴ ዳዊታቸውን አጠፉት። ቀስ ብለው፣ በፍቅር ድምፅ ይጠይቁኝ ጀመር። በእበቱ ላይ ምን ቀባችው? የሚያብለጨልጭ። ቅቤ ይሆን? ይሆናል። ምን ትል ነበር? ትጸልይ ነበር። ፊቷን ወደ ማን አዙራ? ወደ ዛፉ። ከዚያ ዳዊታቸውን መልሰው ገለጡት። ጥያቄው ሲያልቅ እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ተሠርቶ አልቋል። ለአድባር ዛፍ ቅቤ የሚቀባ፣ ከዛፍ ልጅና ጤና የሚለምን ሰው በእኛ አገር ዱሮ ነበር፤ ካህናቱ እንደ ጣዖት ነው የሚያወግዙት። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው አባቴ ጎበዝ ልጅ እንዳሉኝና እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተቀመጠች ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወደ ጥዱ ሄደ። ከመሄዳችን በፊት አባቴ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፣ የማተቡ ነገር ምሥጢር ነው ብለውኛል። ፈንታነሽ ነጠላዋን አገልድማ ከግንዱ አጠገብ ቆመች። አባቴ በታቦቱ ደጅ ጣዖት እንደቆመ፣ ዝናብ የዘገየውም በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ሰኔ ገብቶ ገና ጠብ አላለም ነበር። ሕዝቡ ዝናብ ሲባል እንዴት እንደተነቃነቀ አስታውሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ምህላ ላይ ነበሩ፤ ጉሮሯቸው ደርቋል፣ የሚቆጡበት ሰው ሲሰጣቸው እፎይ ያሉ መሰሉ።

ፈንታነሽ ቅቤ እንዳልሆነ፣ የጧፍ ሰም እንደሆነ፣ ዛፉ ዙሪያውን ቆስሎ እንዳገኘችው ነገረቻቸው። ማን እንዳቆሰለው አታውቅም። አቶ ስጦታው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጭቃው ይነሣና ይታይ አሉ። አባቴ ለአድባር የተቀባ ነገር በክርስቲያን እጅ እንደማይነካ፣ የነካም ከእሷ ጋር እንደሚቆጠር ተናገሩ። አቶ ስጦታው እጃቸውን ሰበሰቡ። አንድም ሰው ወደ ዛፉ አልቀረበም።

ያን ጊዜ ፈንታነሽ እኔን አየችኝ። ፊቷ በራ።

«ወይንእሸት አለች» አለች። «ስመርገው ከኋላየ ቆማ ነበር። ቁስሉን አይታለች፤ እሷን ጠይቋት። ልጅ ናት፣ አትዋሽም።»

አቶ ስጦታው ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ። ዛፉ ላይ ቁስል አይተሻል ወይ? የአባቴ እጅ ራሴ ላይ ነበር፤ ከባድና ሞቃት። አሰብኩ፤ እምላለሁ፣ በእውነት አሰብኩ። ቁስል ደም አለው፣ ቁስል ያማል። ያየሁት ማተብ ነው።

«ቁስል አላየሁም» አልኩ።

ፈንታነሽ አፏን ከፍታ ቀረች። ልትቆጣኝ አልሞከረችም። ዞር ብላ ጥዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ጥዱን አየችው። አባቴ ግዝቱን ያነበቡት እዚያው ነው። እሳት እንዳይሰጣት፣ ውኃ እንዳይቀዳላት፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ፣ እሳቸው እስኪፈቷት ድረስ እንዳትቆርብ። ሕዝቡ አሜን አለ። በጣም የጮህኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጎጆዋን በዚያኑ ዕለት አፈረሱት። እንስራዋን አንዱ በዱላ መታው። ልጆች እስከ ወንዙ ድረስ በድንጋይ ሸኘናት። እኔም ወርውሬያለሁ። አንዱ ጀርባዋን አገኛት፤ የእኔ እንደነበር አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ዘልያለሁ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልጠየቀም።

ጥዱ እየገረጣ ሄዶ በዓመቱ ደረቀ። የፈንታነሽ እጅ አደረቀው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ተስማሙና ተጣለ፤ ጥቂቱ ለቤተልሔሙ ጣራ ዋለ፣ ደህና ደህናው የቢቸናው ቤታችን ምሰሶና ወራጅ ሆነ። የኔሰው የሚባል አናጺ ነበር የሠራው፤ እንዲህ ያለ እንጨት በእጄ ገብቶ አያውቅም እያለ በመዳፉ ይደባብሰው ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ኖሬያለሁ። ክረምት ሲገባ ቤቱ በጥድ ሽታ ይሞላል፤ በዚያ ሽታ ውስጥ ትምህርቴን አጠናሁ፣ ጸሎቴን አደረስኩ፣ ጫማም አደረግኩ።

ደን ማጥናት የመረጥኩት በእሷ ይሁን በአባቴ ዛሬም አላውቅም። በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት አስተማሪያችን ወደ አንድ ጫካ ወሰደንና ዙሪያውን የተላጠ ባህር ዛፍ አሳየን። ዛፍ ሥሩን የሚመግበው በቅርፊቱ በኩል ነው፤ ቀለበት ተደርጎ ከተላጠ ቆሞ ይሞታል፣ ገዳዩም ሳይታወቅ ይቀራል አለ። ተማሪው ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ ደብተሬን አጥፌ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በጣቴ ያዝኩ። አስተማሪው ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ ምንም አልሆንኩም አልኩት።

አባቴን አልጠየቅኳቸውም። ፈሪ ነኝ። ዓመት ዓመትን ወለደ፤ ሥራ ያዝኩ፣ ችግኝ ጣቢያ አስተዳደርኩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ጥበቃ ለካህናት ሥልጠና ሰጠሁ፤ አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር። አምና ከሞጣ የመጣች አንዲት ነጋዴ ግን የእኛ አገር ሰው ሞጣ ውስጥ እንዳለች አጫወተችኝ። በርበሬ እየቀነጠሰች የምትኖር፣ ቤተ ክርስቲያን የማትገባ፣ ከአጥር ውጭ ቆማ የምታስቀድስ፣ በቀን ሦስት መቶ የምትሰግድ ሴት። ስሟን ስትነግረኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በማግስቱ አባቴ ዘንድ ሄድኩና ፈንታነሽን ይፍቷት አልኳቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሳቸውም ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ፣ ድሮ አስቤው ነበር፣ ፈትቻታለሁ በያት አሉኝና ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ። ሃያ ሦስት ዓመት የታሰረው ነገር የተፈታው ምሳ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ነው።

ሞጣ የደረስኩት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በርበሬው አስነጠሰኝ። ግንባሯ ላይ፣ ስትሰግድ መሬት በሚነካው በኩል፣ ቆዳው ጠቁሮ ደድሯል። በግቢው ሰው ሁሉ በር ላይ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ገሾ ተተክሏል፤ በእሷ በር ምንም የለም። ከግዝቱ ወዲህ ቅጠል ያለው ነገር ነክታ እንደማታውቅ የነገረችኝ ራሷ ናት። ያድጋል ብየ አልደፍርም፣ እጄ ዛፍ ያደርቃል አለች፤ የጥዱ ወሬ ደርሷታል።

ማን እንደሆንኩ ስነግራት ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች። የቄስ ገብረ ማርያም ልጅ ስለሆንኩ ነው። በግድ አነሣኋት። አስቀድማ የጠየቀችው የአባቴን ጤና ነበር። ግዝቱን ፈትተውልዎታል ስላት ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

«ስግደቴን ቆጠረልኝ» አለች ኋላ። «ዕድሜ ይስጣቸው። ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ንስሐ አልገባም ብየ ነበር። ቁስሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ ስል ሁለት ዓመት ከእግዜር ተጣላሁ። ኋላ ያን ቀን ያልሽው ትዝ አለኝ። አንቺ ንጹሕ ልጅ አላየሁም አልሽ። ለኔ ያሳየኝ ሰይጣን ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ተረዳሁና ስግደቱን ጀመርሁ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ደስ ብሏታል፤ ለእሑድ ነጠላ ልታጥብ ነው፤ ተመልሼ አውቶቡሴን ብይዝ ማንም አይከሰኝም። ግን ለራሴ አዘንኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሸክሜን ማራገፍ ፈለግኩ።

«ቁስሉ ነበር» አልኳት። «አባቴ ናቸው የላጡት። እኔም አይቻለሁ። ማተብ መስሎኝ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ምሳሩን፣ ክትክታውን፣ ቤታችንን። አላቋረጠችኝም። ሳበቃ በርበሬ የያዘ እጇን አየችው፣ አገላብጣ አየችው። ከደጅ የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። ብታለቅስ፣ ብትረግመኝ፣ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ» አለች፣ ድምፅዋ ጨርሶ አልተለወጠም፣ «አሁን ከምንድን ነው የፈቱኝ?»

ይቅር ይበሉኝ አልኳት። ይቅርታ ከባድ ነገር አይደለም አለችኝ፤ ለእኔም ለአባቴም ይቅርታ አታጣም። ለዓይኖቿ ግን ምን እንደምትላቸው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሃያ አንድ ዓመት ውሸታም ናችሁ ስትላቸው ኖራለች። ከዚያ ስድስት ሰዓት ተመታ። ተነሣችና ምንጣፏን ዘረጋች። አሁንም ይሰግዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ጠይቄ ሳልጨርስ አፈርኩ።

«ጉልበቴ ሌላ ሥራ አልለመደም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከበሩ ውጭ ትንሽ ቆምኩ። ግንባሯ መሬቱን ሲነካ ይሰማል። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩና ሄድኩ።

መናኸሪያ ስደርስ ስልኬ ጠራ፤ አባቴ ናቸው። እንደሸመገሉ ድምፃቸው ለስልሷል፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ምሳ በልተሻል ወይ አሉኝ። ከዚያ፣ «አገኘሻት?» አሉ።

«አገኘኋት፣ አባባ።»

«ደስ አላት?»

የአውቶቡሱ ረዳት ቢቸና ቢቸና እያለ ይጣራል። አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ደመወዝ አለኝ፣ ማንም እጁን ራሴ ላይ አልጫነም።

«በጣም ደስ አላት» አልኳቸው። «ዕድሜ ይስጣቸው ብላለች።»